ልጁን በየትኛው ቀኑ አያችሁት? ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ በአንድ ላይ ያሉባቸውን ልጆች ስለመመዘን
(ጅማ ከተማ ውስጥ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም ከሰቃ፣ ከማና፣ ከአጋሮና ከደዶ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ይዛችኋቸው የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርቱ። ከአዳራሹ በስተኋላ የሚዘዋወሩ፣ የሚጮሁ፣ በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ልጆች እንዳሉ አያለሁ። እባካችሁ ማንም ዝም እንዳያሰኛቸው። የምናገረው ስለ እነሱ ስለሆነ ድምፃቸው ከእኔ ድምፅ ጋር ቢሰማ ቅር አይለኝም።

ዛሬ የምናገረው ስለ ምዘና ነው። ስለ ትምህርታቸውና ስለሚደርስባቸው መገለል ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ተናግረዋል። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ሁሉ የሚቀድመው ነው። ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ በአንድ ላይ ያሉበትን ልጅ እንዴት እንመርምረው? ምኑን እንይ? መቼ እንይ? ማንንስ እንጠይቅ? አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ባለሙያ ታይቶ የበሽታ ስም ሊሰጠው አይገባም። በዚያ ቀን የታየው ባሕርይ የኦቲዝሙ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት የተነሣበት ሕመም የተወበት ድካም ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት የዋጠው ክኒን ያመጣው መፍዘዝም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምዘና ውጤት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ አስቀድመን «ልጁን በየትኛው ቀኑ አያችሁት?» ብለን ልንጠይቀው ይገባል።

ጉዳዩ የጥቂት ልጆች ጉዳይ አይደለም። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከ100 አንድ አይሞላም። በአገራችን በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ላይ በሽታውን አግኝቷል። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ዘንድ ግን ቁጥሩ እንደየጥናቱ ከ100 ከ10 እስከ 30 ይደርሳል። ከኦቲዝሙ ጋር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ላይ ከአምስቱ በአንዱ ያህል ሲታይ፣ ያ ውስንነት በሌለባቸው ላይ በጣም ይቀንሳል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ያየ ባለሙያ ሌላውን ሳይጠይቅ ልጁን ወደ ቤት ሊመልስ ይገባዋልን?

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ ልጆቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። አድገው ዳግመኛ ሲታዩ ግን ከመካከላቸው የሚጥል በሽታ የመጣባቸው ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ ከታወቀ እንዲህ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ሆኖም ዛሬም በብዙ ቦታ ልጁ ለአንደኛው በአንድ በር፣ ለሌላኛው በሌላ በር ይገባል፤ ሁለቱ ክፍሎችም እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። በሁለቱ በሮች መካከል ወረቀት የምታመላልሰው እናት ናት። እሷንም ቢሆን ወረቀቱን ተቀብለው ይሸኟታል እንጂ ያየችውን የሚጠይቃት ጥቂት ነው።

ንግግሬን በሦስት ነጥብ ከፍዬዋለሁ። አንደኛው፣ የምናየው ነገር የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑን እንዴት እንደምንለይ ነው። ሁለተኛው፣ የኦቲዝም ምዘናው ራሱ እንዴት መካሄድ እንዳለበት ነው። ሦስተኛው፣ ስለ አንጎል ሞገድ ምርመራና ስለ መድኃኒት ነው። በመካከሉ ቀጠሮ ስለማይሰጣቸው ሁኔታዎችም አነሣለሁ፤ ለዚያ ግን ተራ አልጠብቅም።

ወደ አንደኛው ልግባ። አብዛኞቻችን የሚጥል በሽታ ሲባል የምናስበው ሰው መሬት ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ፣ አረፋ ሲደፍቅ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰውም ክብሪት ጭሮ ሲያሸተው ነው። ያ አንደኛው መልኩ ብቻ ነው። ሌላው መልኩ ድምፅ የለውም። ልጁ አይወድቅም፣ አይጮህም፤ ለጥቂት ሰከንዶች ካለበት ይቀራል፣ ከዚያም ካቆመበት ይቀጥላል። ኦቲዝም የሌለበት ልጅ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ መምህሩ ይገርመዋል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲሆንበት ግን «እሱ እንዲህ ነው፤ በራሱ ዓለም ነው» ይባልና ይታለፋል። ስንቱ ልጅ ነው በዚህች አንዲት አባባል ሳይመረመር የቀረው?

አንድ ጊዜ አያቱ የሰባት ዓመት ልጅ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ከትምህርት ቤት የተላከው ወረቀት «ይፈዝዛል፣ ትኩረት የለውም» ይላል። እኔም እየተጫወተ ሳየው በእርግጥ ይፈዛል፤ የመኪናውን ጎማ እያዞረ ረጅም ጊዜ ያያል። አያቱ እጄን ያዝ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጎማውን ሲያይ የሚያፈጠውን ተይው፤ እሱ ልማዱ ነው፤ ትከሻውን ስነካው ይመለስልኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉርሻውን እጁ ላይ ይዞ ሲቀር ነው። ሽሮ እንደ ነፍሱ ነው የሚወደው፤ እየበላ ሳለ እጁ አፉ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፣ የዓይኑ ቆብ እርግብ እርግብ ይላል፣ እንጀራው ከእጁ ይወድቃል፤ ብነካው አይሰማም። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሌላ ይቆርሳል።»

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ እኚህ እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀመጡት ልዩነት እኛ በመማሪያ መጽሐፍ የምናጠናው ነው። በኦቲዝም ምክንያት በአንድ ነገር የተመሰጠ ልጅ የሚመሰጠው ደስ በሚለው ወይም በሰለቸው ሰዓት ነው፤ ሲነኩት፣ የሚወደውን ነገር ሲያሳዩት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ ግን የሚወደውን ነገር ከመካከሉ ይቆርጥበታል። ልጁ ጉርሻ አፉ ውስጥ ሊያስገባ ሲል፣ ደረጃ ሲወጣ፣ እየሳቀ ሳለ ይመጣበታል፤ በስሙ ቢጠሩትም ቢነኩትም አይመለስም፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት መልክ አለው። ልጁን ከወረቀት የተሠራ ማዞሪያ አስይዘን ደጋግሞ በኃይል እንዲነፋ አደረግነው። እንዲህ ያለው የፍዘት ሕመም በኃይል መተንፈስ የሚቀሰቅሰው ነውና ደቂቃዎች ሳይቆዩ እጁ ቆመ፣ ቆቡም አያቱ እንዳሉት እርግብ እርግብ አለ። ይህ ልጅ ሁለቱም ነበሩበት፤ የጎማው የኦቲዝሙ፣ የጉርሻው የሚጥል በሽታው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። እጅ ማርገብገብ፣ መወዛወዝ፣ በጣት ጫፍ መራመድ፣ ጣትን ዓይን አጠገብ ማወዛወዝ የሚጥል በሽታ አይደለም። ይህን በማድረጓ ብቻ ለዓመታት ክኒን ስትውጥ የኖረች ልጅ አውቃለሁ። ሲያስደስታት እጇን ታርገበግባለች፤ እናቷ ስትጠራት ታቆማለች። በሽታው መኖሩ የሚታወቅበት መለኪያ ደግሞ አለ። በተለመደው መስፈርት መሠረት ትኩሳትን፣ የደም ስኳር መቀነስን ወይም ሌላ የታወቀ ቀስቃሽን ሳይጠብቅ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተነሣ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ መስፈርት ሲሰፋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ ዳግመኛ የመነሣት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነውንም እንዲጨምር ተደርጓል። በትኩሳት ብቻ የመጣ መንቀጥቀጥ ከዚህ ቁጥር አይገባም።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ስልክ አላችሁ፤ ቅረጹ። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ሳይሆን ሲጀምር ቅረጹ፤ ፊቱ ብቻ ሳይሆን እጅና እግሩም ይታይ፤ እየቀረጻችሁ በስሙ ጥሩት፣ ትከሻውን ንኩት፤ መልስ መስጠት አለመስጠቱ በምስሉ ላይ ይቅር። እኔ አንድ ደቂቃ የስልክ ምስል ካገኘሁ፣ ብዙ ገጽ ካለው የሪፈር ወረቀት ይበልጥብኛል። ደግሞም ልጁ ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ሹል ነገርና እሳት ከአጠገቡ አርቁ፣ ሰዓት ያዙ፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አታስገቡ፤ ክብሪቱንም ተዉት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ለሀጩ የነካው ሰው በሽታው አይጋባበትም፤ ይህን ለጎረቤት የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

እዚህ ላይ ቀጠሮ አይሰጠውም ያልኳችሁን ነገር ላንሣ። ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያለ ሕፃን በተለይ ከእንቅልፉ ሲነሣ በተከታታይ አንገቱን ወደ ፊት እየደፋ፣ እጆቹን እየዘረጋ ድንግጥ ድንግጥ የሚል ከሆነ፣ ቆም ብሎ ደግሞ የሚደግመው ከሆነ፣ እናቶች «ቁርጠት ነው» ወይም «ደንግጦ ነው» ይላሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዌስት እ.ኤ.አ. በ1841 ይህንኑ ሁኔታ በገዛ ልጁ ላይ አይቶ ጽፎታል። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የሕፃኑ የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹም በኋላ የኦቲዝም ምልክት ያሳያሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለክትባት የሚመጡትን እናቶች «ከእንቅልፉ ሲነሣ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ይህ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ቀን ይላካል።

ሌላው፣ ተናግሮ ዝም ያለ ልጅ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የተወሰኑት የጀመሯቸውን ጥቂት ቃላት ያጣሉ፤ ይህ በብዛት የሚሆነው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ልጅ ግን እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ጥሩ አድርጎ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት የሰው ንግግር እንደማይገባው ከሆነ፣ ደንቆሮ መስሎ ቤተሰቡን ካስደነገጠ፣ ዊልያም ላንዳውና ፍራንክ ክሌፍነር እ.ኤ.አ. በ1957 የገለጹት የሕመም ዓይነት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕመም አንጎሉ በተለይ በእንቅልፍ ሰዓት ይታወካል፤ ቀን ላይ ምንም ላያንቀጠቅጠው ይችላል። ስለዚህ ሲተኛ የተቀዳ የአንጎል ሞገድ ያስፈልገዋል። የዕድሜው ነገር ያን ያህል ወሳኝ ከሆነ እናትን «መቼ አቆመ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይሆንም፤ ቀኑን ማን ያስታውሳል? እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ባለፈው ዓመት አረፋ ላይ ምን ይናገር ነበር? መስቀል ላይ እንግዳ ሲመጣ ስም ይጠራ ነበር? ቡና ሲለቀም ከእናንተ ጋር ሲወጣ ውኃ ሲጠማው ምን ይላል? እንዲህ ስትጠየቅ እናት ዕድሜውን ወር በወር ትነግራችኋለች።

ቆዳውንም እዩ። ልጁን ልብሱን አውልቃችሁ ብርሃን ባለበት ቦታ ጀርባውንና ሆዱን ተመልከቱ። ቅጠል የሚመስሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች፣ ከፍ ካለም በኋላ አፍንጫና ጉንጭ ላይ የሚወጡ ቀያይ እብጠቶች ካሉ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚጥል በሽታ ይኖርባቸዋል፤ ግማሽ የሚሆኑት ደግሞ ኦቲዝም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚገልጽ ምልክት ሸሚዝ ሥር ተሸፍኖ ለዓመታት መቆየቱ ያሳዝናል። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፤ መስኮት አጠገብ መቆም ይበቃል።

ሁለተኛው ነጥቤ የኦቲዝም ምዘናው ነው። ከሁሉ በፊት መስማቱ ይመርመር። ማጅራት ገትር የያዘው፣ ሲወለድ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ የነበረ ልጅ መስማቱ ሊጎዳ ይችላል፤ እነዚሁ ሁኔታዎች የሚጥል በሽታንም ያመጣሉ። የማይሰማ ልጅ ሲጠራ አይዞርም፤ ያልዞረውን ሁሉ ኦቲዝም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የሚያገለግለው ኤም ቻት የተባለው መጠይቅ የሚነግረን ልጁ ይበልጥ መታየት እንዳለበት ብቻ ነው፤ ኦቲዝም አለበት ብሎ አይፈርድም። የሚጥል በሽታና የአካል ድክመት ያለበት ሕፃን በዕድገቱ ዘግየት ስለሚል በመጠይቁ ላይ «ሥጋት አለው» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ባለሙያው ፊት ለፊት ከልጁ ጋር እየተጫወተ የሚያካሂደው አዶስ የተባለው ምዘናም ቢሆን ልጁ በዚያ ሰዓት ያሳየውን ብቻ ይመዘግባል። ሌሊቱን ጥሎት ያደረ ልጅ በማግስቱ የሰው ዓይን አያይም፣ ፈገግ አይልም፣ አይጠቁምም፤ ነጥቡ ሁሉ የኦቲዝም ይሆናል። መድኃኒቱ ትናንት የተጨመረበት ልጅም እንዲሁ። ስለዚህ የምዘናው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ የልጁ ስም ብቻ አይጻፍ። መጨረሻ የጣለው መቼ ነው? ሌሊት ተኝቷል? ምን መድኃኒት፣ ስንት ሚሊግራም፣ ስንት ሰዓት ላይ ዋጠ? መጠኑ የተቀየረው መቼ ነው? ይህ ያልተጻፈበትን ውጤት እኔ ተቀብዬ አላነብም። ልጁን በየትኛው ቀኑ አያችሁት? መልሱ «ከጣለው በማግስቱ» ከሆነ ሌላ ቀን ይቀጠርና ይደገም።

ቋንቋውስ? ጅማ ከተማ ውስጥ ቤት በአፋን ኦሮሞ፣ ሰፈር በአማርኛ፣ አያት ዘንድ በዳውሮኛ ወይም በከፍኛ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፤ አንዱን ቋንቋ ከልጁ መከልከልም አያድነውም። ነገር ግን እናቱ በምታስተኛውና በምትቆጣው ቋንቋ ያልተመዘነ ልጅ ተመዘነ አይባልም። አስተርጓሚ ካስፈለገም ታላቅ እህቱን አታስቀምጡ፤ እህት እየተረጎመች ታግዘዋለች። ከውጭ በመጣው ዕቃ ውስጥ የአሻንጉሊት ልደት ኬክና ሻማ አለ፤ ሻማ እፍ ብሎ የማያውቅን የገጠር ልጅ «በምናቡ መጫወት አይችልም» ብለን እንመዝግብበት? የእኛ ልጅ ዕቃቃ ይጫወታል። እኔ አንዲት ትንሽ ጀበና፣ ሁለት ስኒ፣ ጥቂት ጠጠርና ቅጠል አስቀምጣለሁ። ልጁ ጠጠሩን ቡና አድርጎ ይቆላል? ስኒውን ለእኔ ያቀርባል? «ጣዕሙ እንዴት ነው?» ብሎ ፊቴን ያያል? ወይስ ስኒውን ገልብጦ ያሽከረክራል? ያንን ካየሁ ብዙ ነገር አውቄአለሁ። ጨዋ ልጅ ታላቅ ፊት አንገቱን እንደሚደፋም አትርሱ፤ ዓይን አለማየቱን ከመመዝገባችሁ በፊት ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ ምን እንደሚያደርግ እዩት።

ከመጠይቁ በተጨማሪ የዕለት ኑሮውን ጠይቁ። ሱቅ ይላላካል? የአምስት ብርና የአሥር ብር ኖት ይለያል? እጁን ሳይነገረው ይታጠባል? ከእሳትና ከወንዝ ይሸሻል? የመጨረሻው ጥያቄ የሚጥል በሽታ ላለበትና አደጋን ለይቶ ለማያውቅ ልጅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ምድጃ አጠገብ የሚጫወተው፣ ብቻውን ወንዝ የሚወርደው ልጅ የትኛው እንደሆነ የምዘናው ሪፖርት ካልነገረን ሪፖርቱ ምን ይረባል?

እዚህ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ዩኒቨርሲቲያችሁ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል መርሕ ያለው ተቋም ነው፤ በየዓመቱም ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ትወጣላችሁ። ቤት ለቤት መጠይቅ ስትሞሉ ከጓዳ የማይወጣ ልጅ እንዳለ ጠይቁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ከመጀመሪያው የገጠማቸው ልጆቹ ከቤት አለመውጣታቸው ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ ጓዳው ግን ዛሬም አልተከፈተም። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየመንገዱ የሚጥለውን ልጅ አቅፎ ያንን ያህል መጓዝ የሚችለው ስንቱ ነው? እዚሁ ሊሠራ የሚችለው እዚሁ ይሠራ።

ሦስተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ቀድቶ እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳተመ ወዲህ ኢኢጂ የሚባለው ይህ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ትልቅ መሣሪያችን ነው። ሆኖም ብዙ ወላጅ ከወረቀቱ የሚጠብቀው ወረቀቱ ከሚችለው በላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ ኢኢጂ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። በተቃራኒው ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች አንድም ቀን ሳይጥላቸው ሞገዳቸው ላይ ምልክት ይታያል። ስለዚህ «ወረቀቱ ደህና ነው» ተብሎ መድኃኒት አይከለከልም፤ «ወረቀቱ ላይ ታየ» ተብሎም ብቻውን መድኃኒት አይጀመርም። የሚታከመው ልጁ ነው።

ልጁ ደግሞ ራሱን መነካት የማይወድ ነው። ራሱ ላይ ሽቦ ሲለጠፍ ይጮኻል፣ ይነቅላል፤ «አልተባበረም» ተብሎም ይመለሳል። አልተባበረም የምትለዋን ቃል ከወረቀታችሁ አጥፉልኝ፤ ያልተዘጋጀው እኛ ነን። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት እናት ቤት ውስጥ ጠበቅ ያለ ኮፍያ ታለማምደው፤ ጥጥ አርጥባ ግንባሩን ትንካው። ጸጉሩ በሳሙና ታጥቦ ይምጣ፤ ቅቤና ቅባት ካለበት ሽቦው አይይዝም። ሴት ልጅ ከሆነች ሹሩባዋ ይፈታ። አንዲት እናት «ሆስፒታል እየሄደች እንዴት ራሷ ሳይሠራ ትሄዳለች» ብለው ልጃቸውን ሌሊቱን ሹሩባ ሠርተው፣ ቅቤ ቀብተው ይዘዋት መጡ። ቀጠሮው ተላለፈ፤ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረምና ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሌሊት አርፍዶ ተኝቶ በማለዳ ቢነሣ፣ የራሱን ጋቢ ይዞ ቢመጣ እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ልጅ ሞገድ ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። ለምርመራው ብላችሁ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ስለ መድኃኒት የማነሣው ከምዘናው ጋር የሚገናኘውን ብቻ ነው። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ያለ፣ ርካሽና በብዙ ጤና ተቋም የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ልጆችንም ከመውደቅ አድኗል። ሆኖም አንዳንድ ልጆችን ያቅበጠብጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሌሎችን ያፈዝዛል። ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ልጅ ቁጡ ያደርጋል። ካርባማዜፒን የፍዘት ዓይነቱን ሊያባብስ ይችላል። አንድ ልጅ መድኃኒት ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱን መምታት ከጀመረ «ኦቲዝሙ ባሰበት» ከማለታችሁ በፊት የክኒኑን ቀን እዩ። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ የሆዱን ድርቀትም እዩ፤ መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን የሚነግራችሁ በዚያ ነው። ክኒኑን ጥፋተኛ ሆኖ ብታገኙት እንኳ በአንድ ቀን አታቋርጡ፤ ድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀይረው ሐኪም ነው። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ዱዓ የምታስደርጉም አስደርጉ፤ ክኒኑ ግን አብሯችሁ ይሂድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምዘናው አያልቅም። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ፤ አንዱ ከትምህርት ቤት በፊት ያለው የሕፃንነት ዕድሜ ሲሆን ሌላው የጉርምስና ዕድሜ ነው። በአምስት ዓመቱ «የለበትም» የተባለ ልጅ በ13 ዓመቱ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በጉርምስና ዕድሜ አካባቢ ድንገት ባሕርዩ የተቀየረ፣ ትምህርቱ ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ጠዋት አልጋውን አርጥቦ ወይም ምላሱን ነክሶ የሚነሣ ልጅ ዳግመኛ ይታይ። ሴት ልጆች ያላችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ለሐኪማችሁ አንሡ፦ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ልጅ አድጋ ብታረግዝ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ከሚያስከትላቸው ነገሮችም አንዱ የሚወለደው ልጅ ላይ የኦቲዝም ዕድልን መጨመሩ ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ወደዚያ የሚዛወሩበት ጊዜ ከጉርምስና በፊት ነው፤ ይህን ንግግር ለማንሣት ሐኪሙን አትጠብቁ፣ እናንተ ጀምሩት።

ከዚህ ስትወጡ አንድ የአሥራ ሁለት ሉክ ደብተር ግዙ። በግራ ገጽ የጣለው ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን እያደረገ እንደነበር ይጻፍበት፤ በቀኝ ገጽ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የተቀየረበት ቀን፣ የእንቅልፉ ነገር ይጻፍበት። መጻፍ የማትችል እናት ብትኖር ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጇ ይጻፍላት፤ ያም ከሌለ የቀን መቁጠሪያው ላይ መስመር ታስምር። ደብተሩን ለሁለቱም ክፍል፣ ለአእምሮ ሐኪሙም ለሕፃናት ሐኪሙም አሳዩ፤ መምህሩም ያየውን ይጨምርበት። ባለሙያዎች፣ ደብተር ይዞ የመጣን ወላጅ ደብተሩን ሳታነቡ አትመልሱ።

የተመደበልኝ ሰዓት አልቋል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በአፋን ኦሮሞ ለመጠየቅ የሚቀላችሁ በዚያው ጠይቁኝ፤ በዚያው እመልሳለሁ።